ሜሮን ያለ እኔ የተማረችው

ልጅ የጠፋበት ወላጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ስም እየጠሩ መሮጥ ነው። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። የጋምቤላ ሰፈራችንን፣ የኒውላንድን ጭቃ መንገድ «ሜሮን! ሜሮን!» እያልኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሻክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሮጥኩበት። ልጄ እንደማትሰማ ትዝ ያለኝ መንገዱ አልቆ ወንዙ ፊት ስቆም ነው። ሰው ሲደነግጥ ለስንት ዓመት አብሮት የኖረውን ነገር እንኳ ይረሳል።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የሆነው ነገር በደንብ አይገባችሁም።

ነርስ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ጋምቤላ ሥራ ስይዝ ሐሳቤ ትንሽ ሠርቼ፣ ዝውውር ጠይቄ ወደ አገሬ መመለስ ነበር። ሙቀቱም፣ ወባውም፣ የሰፈሩ ቋንቋም ባዳ ሆነብኝ። ግን እዚሁ ደረጀን አገባሁ፣ እዚሁ ሜሮንን ወለድኩ፣ ዝውውሩም በዚያው ቀረ። ደረጀ ሹፌር ነው፤ ኢታንግ አጠገብ ባለው የትየርኪዲ የስደተኞች ጣቢያ የውሃ ቦቴ ይነዳል። እዚያው ያድራል፣ ሲመቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። በዚያ ክረምት ግን አንዴ መንገዱ፣ አንዴ ሥራው እየተባለ ሳይመጣ ብዙ ቆይቶ ነበር።

ሜሮንን ሁለት ዓመቷ ላይ ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ ቀረ። ነርስ መሆኔ አላዳናትም፤ ምን እንደደረሰባት ከሁሉም ቀድሜ እንዳውቅ ብቻ ነው ያደረገኝ።

ለትምህርት ስትደርስ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አጠያየቅኩ። ያለው ሩቅ ነው። እዚያ ልኮ ማሳደር ከእኔና ከደረጀ አቅም በላይ ነበር፤ አቅሙ ቢኖረንስ፣ የሚያማትን መናገር የማትችል ልጅ ለማን አደራ ይሰጣል? ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት አስገባኋት። መምህሩ ደግ ሰው ነበር፤ ግን ክፍሉን የሞላውን ልጅ ትቶ ለእሷ ብቻ ምን ያድርግ? ከኋላ ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን ስታይ ትውላለች። አንድ ቀን ልጆች ሲጣሉ በተወረወረ ድንጋይ ቅንድቧን ተፈነከተች። እኔው ሰፋኋትና ከዚያ በኋላ አልላክኋትም። «እኔው አስተምራታለሁ» አልኩ።

አስተማርኩም። ባዶ የመድኃኒት ካርቶን ከጤና ጣቢያው እያመጣሁ በመቀስ እቆርጥና ፊደል በማርከር እጽፍበታለሁ። በሩ ላይ «በር»፣ ባልዲው ላይ «ባልዲ»፣ አልጋው ላይ «አልጋ» እያልኩ በፕላስተር ለጠፍኩ። የምልክት ቋንቋ ቪዲዮ በመሥሪያ ቤት ዋይፋይ እያወረድኩ በስልኬ ይዤ እገባለሁ። የእጅ ፊደል የሚባል አለ፤ «በ»ን በጣቶቻችሁ ቅርጽ ትሠሩና «ቡ» ወይም «ቢ» ለማለት እጃችሁን ወዲህ ወዲያ ታንቀሳቅሳላችሁ። ታካሚ ተራው እስኪደርስ ጠረጴዛ ሥር ጣቶቼን ሳለማምድ ያየችኝ ባልደረባዬ «ወይኒ፣ ጣትሽን ያምሻል እንዴ?» ብላኝ ታውቃለች።

ችግሩ ድካሙ ነበር። በወባ ወቅት ኮሪደሩ ላይ ሳይቀር የተኛ ታማሚ ሳገላብጥ ውዬ፣ እግሬ አብጦ ቤት እገባለሁ። ራት በልተን ካርቶኖቹን ምንጣፉ ላይ እደረድራለሁ። አንዱን አንስቼ «ይቺ ምንድን ናት?» ብዬ በእጄ እጠይቅና መልሱን ሳላይ ዓይኔ ይከደናል። ሜሮን ጉልበቴን ትመታኛለች። ብንን ብዬ ሌላ አነሳለሁ። እንዲህ እያልን ዓመት አለፈን፤ የያዘችው ፊደል ግን ኢምንት ነበር። ብዙ ጊዜ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ትደፋቸዋለች። የምትወደው አንዱን ብቻ ነበር፤ አባቷ የት እንዳለ ላሳያት ብዬ የሳልኩትን። ቤታችን፣ መናኸሪያው፣ ረጅም መንገድ፣ ከዚያ ድንኳኖች፣ መጨረሻ ላይ ቦቴና አንድ ጢማም ሰው። እሱን ይዛ ብትውል አትጠግብም።

ከግቢ ግን አላስወጣትም። መኪና ከኋላዋ ቢመጣ አትሰማም፣ ሰው ቢጮህላት አትሰማም። ዘነቡ የምትባል ልጅ እኔ እስክመለስ በሩን ቆልፋ ትጠብቃታለች። ሜሮን ቀኑን ሙሉ ከዘነቡና ከካርቶኖቿ በቀር ማንንም እንደማታይ ነበር የማውቀው።

ያን ቀን ለምሳ ስመጣ ዘነቡ ግቢያችን ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። የጋምቤላን የቀትር ሙቀት የሚያውቅ አይፈርድባትም። በሩ እንደተቆለፈ ነው። ቤት ገባሁ፤ ሜሮን የለችም። ሽንት ቤት፣ የለችም። አልጋ ሥር አጎንብሼ አየሁ። ከዚያ ከቤቱ ጀርባ ዞርኩ። የሸምበቆው አጥር ሥር ውሻ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ሸምበቆ በመታሸት ብዛት ለስልሷል። የዛሬ ቀዳዳ እንዳልሆነ ያን ጊዜ አልታየኝም። የታየኝ ባሮ ብቻ ነበር።

ባሮ በክረምት ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል። ደፍርሶ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ ድምፁን ሳያሰማ ነው የሚሄደው። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች አገኘሁ።

«እባካችሁ ልጅ አይታችኋል? ትንሽ ልጅ፣ የማትሰማ?»

አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። «ልጅ ሁሉ አይሰማም» አለችና ልብሷን ማሸት ቀጠለች።

«እንደሱ አይደለም! ጆሮዋ፣ ጆሮዋ!» ብዬ ጆሮዬን ይዤ ጮህኩባት። ሴትዮዋ ደንግጣ ተነሳች። ሌሎቹም ተነሱ። እርስ በርሳቸው በኑዌር ተነጋገሩና ሁሉም ራሳቸውን ወዘወዙ፤ አላዩም። ጀልባ የሚጠግን ሰው ጠየቅኩ፤ እሱም አላየም። ውሃው ዳር ላይ አንድ ነጠላ ጫማ አየሁና ሮጥኩ። ቀርቤ ሳየው የትልቅ ሰው ነው።

ወደ ሰፈር የተመለስኩት እግሬን እየጎተትኩ ነው። ዘነቡ «ጓሮ የምትጫወት መስሎኝ ነው» እያለች በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ከግቢያችን ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ዞርኩ። በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ስኖር በዚያ መንገድ ሄጄ አላውቅም። ልጆች በቆርኪ ይጫወታሉ።

«ልጅ አላያችሁም? ሜሮን የምትባል?»

ጨዋታቸውን አቆሙ። ማንም ሜሮን የሚባል ሰው አያውቅም። «ቀይ፣ አጭር፣ የማትናገር…» እያልኩ ስንተባተብ አንዷ ልጅ በሌባ ጣቷ ቅንድቧን ከላይ ወደ ታች ሰንጠቅ አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ ሌላው እንደዚያው አደረገ። ከዚያ ሁሉም። ጣት በቅንድብ ላይ፣ ሰንጠቅ።

የሰፋሁት ጠባሳ ነው። ልጄን ስም አውጥተውላታል።

እጄን ይዘው ወደ አንድ ግቢ አስገቡኝ። አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት በቆሎ ታሰጣለች። የኛማል እናት ይሏታል፤ ኛማል ልጇ ናት። ከግቢያችን አጥር ወዲያ ነው የምትኖረው፤ ግን ከሰላምታ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም።

«ሲስተር» አለችኝ፤ ጤና ጣቢያ አይታኝ ኖሯል። «ምን ሆነ?»

ቅንድቤን በጣቴ ሰነጠቅኩ። ፊቷ ፈካ አለ።

«እሱ ሄደ። ጠዋት ሄደ። ኢታንግ።»

«ማን ጋ? ከማን ጋር?»

«ከኛማል ጋር። ከእህቴ ጋር። እህቴ ትየርኪዲ ነው የሚኖረው። ነገ ይመጣል፣ አታስብ።»

«ማን ፈቀደላት?»

ግራ ገባት። «አንተ!» አለችኝ። የእኛ ሰፈር አማርኛ ለአብዛኛው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም። «አንተ እሺ ብለሃል። እሱ ነገረኝ። ‹አባቴ ጋ ልሂድ፣ እናቴ እሺ ብሏል› አለኝ።»

«እንዴት ነው የምትነግርሽ? ልጄ እኮ አትናገርም!» ብዬ ጮህኩ።

የኛማል እናት በቆሎዋን አስቀምጣ ትክ ብላ አየችኝ፤ የማዘን ዓይነት አስተያየት ነበር።

«ኧረ ይናገራል ሲስተር» አለች። «ብዙ ይናገራል። ወሬው ያደክማል።»

ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

መናኸሪያ ስደርስ ለኢታንግ የሚነሳ መኪና አልነበረም። የእህትየዋ ስልክ ዝግ ነው፤ የደረጀም አይሠራም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ከሚታወቅ ሰው ጋር ከሆነች ጠዋት ሄደሽ አምጫት አሉኝ። ማታ የኛማል እናት አጎበሯን ይዛ መጣችና ሳትጠይቀኝ በረንዳችን ላይ ሰቅላ ተኛች።  እኔ ግን ዓይኔን ስከድን የማየው ያንኑ ነገር ነው፤ ልጄ ሰው መሃል ቆማ፣ ውሃ ጠምቷት፣ ሽንቷ መጥቶ፣ ለማንም መንገር አቅቷት።

ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው መኪና አብረን ወጣን። ጭቃው መኪናውን እየያዘ መንገዱ አላልቅ አለ። ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን፤ ጎማ ሲሰጥም ወርደን ገፋን። የኛማል እናት ጭቃ የበላውን ጫማዬን በእጇ ይዛልኝ በባዶ እግሬ ነው ግማሹን የሄድኩት። ትየርኪዲ ደርሰን የእህቷ ጎጆ በር ላይ ስንቆም ሴትየዋ ብቻዋን ናት።

«ልጆቹስ?»

«ውሃ» አለች፣ ወደ ታች እየጠቆመች።

ውሃ ስትለኝ ደግሞ ልቤ ወንዝ አሰበ። ሮጥኩ። ያገኘሁት ግን ወንዝ አይደለም፤ የቧንቧ መቅጃ ነው። ቢጫ ጄሪካን እንደ ሰው ተሰልፏል፤ ሰዎቹ ሰልፉን ለጄሪካኖቹ ትተው ወደ አንድ በኩል ተሰብስበዋል። ሴቶች ልጆች፣ ሁለት ሦስት እናቶች፣ አንዲት አሮጊት። መሃላቸው ሜሮን ቆማለች።

ልጠራት አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እጆቿ እየሄዱ ነበር። ቤት ውስጥ አይቻቸው በማላውቀው ፍጥነት ይሄዳሉ። ፊቷ ይለዋወጣል፣ ትከሻዋ ይወጣል ይወርዳል፤ ክቡ ይስቃል፤ ኛማል አጠገቧ ቆማ ያመለጣቸውን በኑዌር ትጨምርላቸዋለች። ከቪዲዮው ለቅሜ ካስተማርኳት ምልክት አንድም አላየሁም። የምትናገረው ልጆቹ ከእሷ ጋር፣ እሷም ከልጆቹ ጋር በዚያ በአጥሩ ቀዳዳ እየተገናኙ የፈጠሩትን ነው። ልጄ እያወራች ነው፤ የምትለው ግን አንዱም አይገባኝም።

ክቡ ዳር ቆሜ ኛማልን በዝግታ ጠራኋት። አሥር ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ዓይናፋር ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ስለምትሄድ አማርኛዋ ከእናቷ ይሻላል።

«ምን እያለች ነው?»

መሬት መሬት አየች።

«ንገሪኝ፣ አልቆጣም።»

«ስለ እናቷ ነው የምታወራው።»

ሜሮን በዚህ መሃል አንድ እጇን የሆነ ነገር እንደያዘ ሰው ከፍ አደረገች። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ አንገቷ ዘመመ፣ ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ። ራሷ ወደ ደረቷ ወርዶ ቀና፣ ወርዶ ቀና አለ። አሮጊቷ እስክታነባ ሳቀች።

«እናቷ ካርቶን እንደያዘች ትተኛለች እያለች ነው» አለች ኛማል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹በጣም ይደክማታል። ካርቶኑን አልወደውም። ግን እናቴ አጠገቤ የምትቀመጠው ያን ጊዜ ብቻ ነው› እያለች ነው።»

ሜሮን ዞር ስትል አየችኝ። የምትደነግጥ መስሎኝ ነበር። እየሮጠች መጥታ ወገቤን አቀፈችኝና፣ እኔም አቅፌያት ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

በኋላ፣ ማልቀሱ ሲያልቅልኝ፣ በኛማል በኩል ጠየቅኳት። «እናቴ እሺ ብላለች ብለሽ ለምን ዋሸሽ?»

ሜሮን ተቆጣች። እጇ ተጣደፈ።

«አልዋሸሁም አለች» አለች ኛማል። «ማታ የአባቴን መንገድ የሳልሽበትን ካርቶን አሳየሁሽ፣ ኢታንግ ልሂድ ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ፤ አንቺም ራስሽን ነቀነቅሽ አለች። ሁለት ጊዜ ነቀነቅሽ።»

ልክ ናት። ነቅንቄያለሁ።

ደረጀን ያገኘነው ስንመለስ ኢታንግ ነው። ቦቴው ተበላሽቶ ጋራዥ ቆሟል፤ እጁ ግሪስ ነው። ሲያየን ከመኪናው ሥር ወጣ። ሜሮን ቀርባው ፊቱ ቆመችና በእጇ አንድ ነገር ጠየቀችው። እሱ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ ኛማል አየሁ። ሁለታችን ወላጆቿ አንዲት የጎረቤት ልጅ እስክታስተረጉምልን ቆመን ጠበቅን።

«ለምን አትመጣም ነው የምትለው» አለች ኛማል።

«ሥራ ነው በያት።»

ኛማል አለቻት። ሜሮን መለሰችላት።

«እናቴም ሥራ አላት፤ ግን ማታ ማታ ትመጣለች አለች።»

ደረጀ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም። ግሪሱን በጨርቅ ጠረገ፣ ጨርቁን አጣጠፈ፣ መልሶ ዘረጋው። በመጨረሻ «ቅዳሜ እመጣለሁ በያት» አለ። መጣም። መንገድ ካልተዘጋ በቀር አሁንም ይመጣል።

ያ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ብዙ ነገር ተስተካከለ ብዬ ባወራላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አልተስተካከለም። ትምህርት ቤቱ አሁንም ሩቅ ነው። ሜሮን ፊደሉን ገና በግማሽ ነው የያዘችው። ወባም በየክረምቱ ይመጣል፣ የእኔ እግርም ያብጣል።

የተለወጠው ግን ይህ ነው፦ በሩን አልቆልፍም። ደረጀ ቀዳዳውን ከመድፈን ይልቅ ሸምበቆውን ቆርጦ የሰው መግቢያ አደረገው። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጆች ይገባሉ፤ የኛማል እናት በቆሎዋን ይዛ ትመጣና ታያቸዋለች። ካርቶኑን እኔ አቀርባለሁ፤ ጨዋታውን እነሱ ናቸው የሚያውቁት። አንዷ «ዓሣ» የሚለውን ካርቶን ታነሳለች፣ ሜሮን በእጇ ትዋኛለች፣ ሌላው በኑዌር፣ ሌላው በአኙዋክ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ሁሉም በአማርኛ ይጽፉታል። በዚህ መንገድ ከእኔ ጋር በዓመት ያልያዘችውን ፊደል እየያዘች ነው። ልጆቹም ለትምህርት ቤታቸው የሚሆን አማርኛ ያገኙበታል። የከፈልነው ነገር የለም። ማስተማሪያችን የተጣለ ካርቶንና እርስ በርስ ለመግባባት የቸኮሉ ልጆች ናቸው።

እንደ ሜሮን ትምህርት ቤት ያልደረሰለት ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ቪዲዮውን አውርዱ፣ ካርቶኑንም ቁረጡ፤ አይከፋም። ግን ብቻችሁን አታስተምሩ። እኔ ልጄን የምጠብቃት መስሎኝ የሚያናግራትን ሰው ሁሉ ከአጥር ውጭ አስቀርቼ ነበር። ደግነቱ እሷ አጥሩን ቀደደችው። የእናንተ ልጅ ላትቀድደው ትችላለች።

እኔም ተማሪ ሆኛለሁ፤ ሰነፍ ተማሪ። ማታ ደክሞኝ ስገባ በረንዳው ላይ እቀመጥና ልጆቹን ቀስ በሉልኝ እላቸዋለሁ። ባለፈው ኛማል ሜሮንን «እወድሻለሁ» ስላት አየችኝና ሳቋን መያዝ አቃታት። ጣቶቼን ይዛ አንድ በአንድ አጥፋ፣ እጄን ከከንፈሬ አንስታ ደረቴ ላይ አደረገችው። ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ ልጄን እወድሻለሁ እያልኳት ሲመስለኝ፣ የምላት «ውሃ ጠማኝ» ነበር።

ለዚያ ነው ሜሮን እንዲያ ባልኳት ቁጥር ተነስታ በጣሳ ውሃ ታመጣልኝ የነበረው። እኔም ሳይጠማኝ እጠጣላት ነበር።